የሸለቆው ጎተራና አያ ጎሽ

እስቲ ጠጋ በሉ። ተረቴ ያረጀ ነው፤ ሐዘኑ ግን አላረጀም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት ማኅበር መሠረቱ። ወላጅ የሞተባቸውን ግልገሎች የሚመግቡበት ትልቅ ጎተራም አቆሙ። በሬ ማሽላ ያስገባል። ንብ ማር ታስገባለች። ጉንዳን የለቀመችውን የሣር ፍሬ ታስገባለች። ግልገሎቹን የምታሳድገው አሮጊቷ ሚዳቋ ነበረች።

አያ ጎሽ የማኅበሩ አለቃ ሆኖ ተሾመ። ጎተራውን ከፍቶ ቢያይ፣ ማሽላው እስከ አፉ ሞልቷል።

«በሬ ብቻውን ይበቃናል» አለ።

ንብ ማሯን ይዛ ስትመጣ፣ «ይቺን ጠብታ ብለሽ ነው? ሂጂ!» አላት። ሄደች።

ጉንዳን ፍሬዋን ተሸክማ ስትመጣ፣ «ይቺን ቅንጣት ብለሽ ነው? ሂጂ!» አላት። ሄደች።

ይኼኔ ጎተራው ራሱ ተናገረ። «አያ ጎሽ፣ የዛሬ ሆዴን አይተህ አትፍረድ። ማሽላው ክረምት ላይ ያልቃል። ያን ጊዜ የሚያሻግረን የጉንዳን ፍሬ ነው። የታመመውን የሚያድነው ደግሞ የንብ ማር ነው።»

«ጭቃና ጭራሮ ምን ያውቃል!» ብሎ ጎሽ በሩን ዘጋበት።

ክረምት ገባ። ማሽላው አለቀ። በሬ የዘራው አዲሱ እህል ገና ቡቃያ ነው። ግልገሎቹ ተራቡ፤ ትንሹም በሳል ወደቀ።

ሚዳቋ ጎሽ ደጃፍ ቆመች። «አያ ጎሽ፣ ልጁ እየሞተብኝ ነው። እባክህ ማር።»

ጎሽ ጎተራውን ከፈተ። ባዶ ነው።

አንገቱን ደፍቶ ወደ ጉንዳን ሄደ። «እመት ጉንዳን፣ በድዬሻለሁ።»

«እኔን ብትንቀኝ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ?» አለችና ፍሬውን ከጉድጓዷ አስወጣች።

ንብ ግን ከወንዝ ማዶ ተሰዳ ነበር። ጎሽ ሙላቱን ዋኝቶ ተሻገረ። ለመናት፤ እሷም ማሩን በቅል ሞልታ ቀንዱ ላይ አንጠለጠለችለት። ሲመለስ ሚዳቋን ትንሹን ግልገል ታቅፋ አገኛት። ገላው ቀዝቅዞ ነበር።

«ዘገየህ፣ አያ ጎሽ» አለችው።

የቀሩት ግልገሎች በፍሬውና በማሩ ክረምቱን ወጡ። ጎሽም ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ሁሉ፣ ብዙውንም ጥቂቱንም፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀበል ጀመር።

ልጆቼ፣ ወንዝን ወንዝ ያደረገው የገባሩ ብዛት ነው፤ ገባሩን የናቀ በደረቅ ወንዝ ዳር ያለቅሳል።