ያልሞቀ ሞተር

የስፖርት መኪና የገዛ አንድ ሀብታም ነበረ።

ጋሽ አፈወርቅ ነገሩን ከዚህ ጀመሩት። ሠላሳ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ምሳሌ ሲያስፈልጋቸው ከመንገድ ነው የሚያነሡት። ጠያቂው ድሮ መሪ አያያዝ ያሳዩት፣ መኳንንት የሚባል ተማሪያቸው ነው። ትናንት ጠዋት ስላልተተኮሰ ሸሚዝ በሚስቱ ላይ ጮኸባት፤ እሷም ልጃቸውን አዝላ እናቷ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ቁጡ አድርጎ የፈጠረኝ እግዜር ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነበር። ታዲያ ይቅርታ ጠያቂው እኔ የምሆነው በምን ዕዳዬ ነው?»

ጥያቄው ይህ ነበር። ጋሽ አፈወርቅ መልሱን በመኪናው ሰውዬ በኩል አዞሩት።

ሀብታሙ መኪናዋን የወደዳት ለድምጿ ነው። ቀይ ናት፣ መሬት የነካች ዝቅተኛ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ። ሻጮቹ የሦስት ዓመት ዋስትና ሰጡት፤ ሞተሯ ቢበላሽ እኛ አለን አሉት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠነቀቅበት ምክንያት አልታየውም።

ጠዋት ጠዋት ፊቱን በቅጡ ሳይታጠብ ቁልፉን ያዞራል። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ሳይጨርስ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል፤ መኪናዋ እየጮኸች ዳገቱን ትወጣለች። ሰፈርተኛው «ተነሡ፣ ጌታው ነቅተዋል» ይባባል ጀመር። ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ድሮም የገዛት እንዲሰሙለት ነበር።

በሰባተኛው ወር፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ሞተሩ ነከሰ፤ ብረቱ እርስ በርሱ ተያያዘ። አንዴ ተንቋቋና ጸጥ አለ። መኪናዋ እየተጎተተች ስትወርድ ሰፈርተኛው በረንዳ ላይ ወጥቶ ሸኛት።

ሰውዬው አልደነገጠም። የሻጮቹ ጋራዥ ደርሶ የዋስትናውን ቅጽ በገዛ እጁ ሞላ፤ የብልሽቱ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «የፋብሪካው ጥፋት» ብሎ ጻፈ። ክርክሩን በመንገድ ላይ በልቡ አዘጋጅቶ ጨርሶታል። ካልሮጡባት ለምን እንዲህ ተሠራች? ሦስት መቶ የሚለውን ቁጥር የፍጥነት ሰሌዳዋ ላይ የጻፈው እኔ ነኝ? ለፍጥነት የሠራት፣ በፍጥነት ስትሰበር ይጠየቅ።

ዋናው መካኒክ አጭር፣ እጁ ዘይት የጠገበ ሰው ነው። እስኪጨርስ ሰማው። ሀብታሙ «ቀስ ብለው መንዳት ነበረብዎ» የሚል ምክር እየጠበቀ ነበር፤ ለዚያም መልስ ነበረው። መካኒኩ ግን እንዲህ አላለም። ወደ ጓሮው ሜዳ ወሰደው። እዚያ ገዢዎች የሚሞክሩባት ሌላ መኪና ቆማለች፤ የእሱው ዓይነት፣ ያው ቀይ። አራት ዓመቷ ነው፤ ቀን በቀን ሰው ሁሉ ይጋልባታል፤ ሞተሯ አንድ ቀን ተከፍቶ አያውቅም።

«ይግቡና ያስነሷት» አለው።

አስነሣት። እግሩ ሳያዘው ወደ ነዳጁ ሄደ። መካኒኩ ከጎኑ ተቀምጦ እጁን በሀብታሙ ጉልበት ላይ አሳረፈና ከፍጥነቱ ቁጥር አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ቀስት አሳየው። የዘይቱን ሙቀት የምትናገር ናት። ታች ወድቃለች። ዘይት ቀዝቃዛ ሳለ ወፍራም ነው፤ በሞተሩ ጠባብ ቦታ ሁሉ አይደርስም፤ ሰው ያን ጊዜ ከጋለበ ብረት ከብረት ይፋጫል። ይህች ቀስት እስክትነሣ፣ አለው፣ በሰው እርምጃ ልክ ነው የሚነዷት።

ሜዳውን በእርምጃ ዞሩ። አንድ ዙር። ሦስት። አሸዋ በእጅ ጋሪ የሚገፋ ሠራተኛ ቀደማቸው፤ ዞሮም አያቸው። ሀብታሙ መሪውን በጣቱ ደበደበ፣ ተነፈሰ፣ ሰዓቱን አየ። ያ እጅ ከጉልበቱ አልተነሣም። ስምንተኛው ዙር ላይ ቀስቷ መሃል ደረሰች።

«አሁን እንደ ልብዎ።»

ረገጠው። መኪናዋ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሄደች፤ አንዳች ነገር አልሆነችም። ሲያቆማት ሰውዬው ወደ ቀስቷ ጎንበስ አለ።

«የእኔም ይህች ቀስት አለቻት?»

«እዚያው ቦታ» አለው መካኒኩ።

ወደ ቢሮው ተመለሱ። ሀብታሙ ቅጹን መልሰው እንዲሰጡት ጠየቀ። ቅጹን እንዳለ ቢተወው ዋስትናው ሊጸናለት ይችል ነበር፤ ቢከራከርም ሳያሸንፍ አይቀርም ነበር። እሱ ግን «የፋብሪካው ጥፋት» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ «አላየኋትም» ብሎ ጻፈ። ፈረመበት።

ጋሽ አፈወርቅ ወደ መኳንንት ዞሩ።

«አንተም ያ ሰውዬ ነህ፣ ልጄ። ቁጣህን የሰጠህ አልተሳሳተም። ደካማ ሲገፋ አይተህ ዝም ብለህ እንዳታልፍ ነው የሰጠህ፤ ስለ መስጠቱ የሚጠየቅ ካለ ሰጪው ይጠየቅ። ልብህ ሳያስብበት፣ ገና ከአልጋ ስትወርድ፣ በሚስትህ ላይ የለቀቅኸው ግን አንተ ነህ። አባትህ ያወረሰህ ሞተሩን ነው፤ የሚረግጠው እግር የራስህ ነው። ተነሥና አማትህ ቤት ሂድ። ታክሲ አትያዝ፣ በእግርህ ሂድ፤ እስክትደርስ የምትላትን ታገኘዋለህ።»