የአባ ጫኔ እስትንፋስ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ በረት ውስጥ ሦስት አህዮች ይኖሩ ነበር። አባትየው አባ ጫኔ፣ እናትየዋ እሜት ቦራ፣ ልጅቱ ደግሞ ሚጡ የምትባል ውርንጭላ። ሚጡ እንዴት ያለች ውርንጭላ መሰለቻችሁ! ጆሮዋ ከእግሯ ቀድሞ ያደገ፣ ስትሮጥ ራሷን በራሷ የምትጠልፍ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ።

በእነዚህ አህዮች ቤት ገና ሲመጣ ዶሮ የለ፣ ጠጅ የለ፣ አዲስ ልብስ የለ። አህያ ደግሞ ምን ልብስ ይለብሳል! ብቻ አባ ጫኔ ከወንዙ ዳር እርጥብ ቄጤማ በጀርባው ተሸክሞ መጥቶ በረቱን ይጎዘጉዛል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ትንሿን መሀል ያስተኟትና እናት ከግራ፣ አባት ከቀኝ ሆነው «እፍፍፍ» እያሉ በእስትንፋሳቸው ያሞቋታል። ያቺ በቤተልሔም በረት የነበረች ቅድመ አያታቸውስ ሕፃኑን ጌታ ያሞቀችው እንዲሁ አይደል! የምትሰጠው ልብስ አልነበራትም፤ ያላትን እስትንፋስ ሰጠች።

«የእኛ የአህዮች እጅ መንሻ ይኸው ነው» ይላል አባ ጫኔ በየዓመቱ። ሚጡም በየዓመቱ እንደ አዲስ ትሰማዋለች።

በዚያ ዓመት ታዲያ፣ የገና ጾም ሲገባ የአህዮቹ ባለቤት አባ ጫኔን ጨው ሊያስጭነው ወደ ቆላ ይዞት ወረደ። አባ ጫኔ ሲሄድ ሚጡን በአፍንጫው ነካ አድርጎ፣ «ለገና እደርሳለሁ። ቦታዬ ላይ እንዳትተኚ!» አላት።

ሚጡ የአባቷን ቦታ ጠበቀች። ዶሮ እንኳ ልትቀመጥበት ስትል ታስነሣት ነበር። በየቀኑ ከበረቱ ደጃፍ ቆማ መንገዱን ታያለች። አቧራ ሲነሣ ጆሮዋ ይቆማል። አቧራው የሰው ከብት ሆኖ ሲያልፍ ጆሮዋ ተመልሶ ይወድቃል።

«እማዬ፣ አባዬ ሳይመጣ ገና ይመጣል?»

«ገና ማንን ይጠብቃል ብለሽ ነው ልጄ? ይመጣል።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆይ በይው።»

እሜት ቦራ ፊቷን አዞረችና ጭድ የምታኝክ መሰለች። አፏ ውስጥ ግን ጭድ አልነበረም።

የገና ዋዜማ ሲደርስ እሜት ቦራ፣ «ዘንድሮ ቄጤማውን እኔ ላምጣ። አንቺ ከዚህች በረት ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብላ ወደ ወንዙ ወረደች።

ይህን ሁሉ ከአጥሩ ጥግ ሆና የምትሰማ አንዲት ጉድ ነበረች። ማን ትሆን? ቀበሮ ናታ! ጭራዋን ሰብስባ ወደ ገደሉ ወደ አያ ጅቦ ገሰገሰች። አያ ጅቦ የሞተ በሬ አጥንት እየቆረጠመ ነው። ጾም መሆኑን ለእሱ ማን ይንገረው!

«አያ ጅቦ፣ የገና እራትህ ተገኘ። ውርንጭላ ናት።»

«ትንሽ ናት ማለት ነው?»

«ትንሽ ናት። ግን እናቷ ልትፈልጋት ትመጣለች።»

«እናቷንም! አባትየውስ?»

«እሱ ቆላ ነው። ቢኖርስ ምን ያመጣል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም?»

«ይህን ያለውን ሰው ባገኘው ጉልበቱን እስም ነበር!» አለ አያ ጅቦ።

ቀበሮ መንገድ ላይ የወደቀ አሮጌ ጆንያ አለበሰችው። ሁለት ረጃጅም የኮባ ቅጠል ጠቅልላ ጆሮው ላይ አሰረችለት። ዞር ዞር ብላ አየችውና ሳቋን ዋጠች።

«በቃ፣ አህያ ሆነሃል። መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሄደህ ተኛ። አፍህን ግን እንዳትከፍት፤ ጥርስህ የአህያ አይመስልም።»

«ታዲያ በምን እበላለሁ?»

«ስትበላማ ትከፍተዋለህ፣ አንተ ደደብ!»

«እሱን ቀድመሽ አትነግሪኝም!»

ከዚያ ቀበሮ ወደ በረቱ ተመልሳ በማር ድምፅዋ ተጣራች።

«ሚጡዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! አባትሽ መጥቷል!»

«አባዬ? የታል?»

«ከዋርካው ሥር ነው። ጭነቱ ከብዶት እዚያው ጋደም ብሏል። ልጄን ጥሩልኝ አለ።»

ሚጡ አንድ እግሯን አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው። «እማዬ ከበረቱ እንዳትወጪ ብላኛለች።»

«እናትሽ ይህን ያለችው መምጣቱን ሳታውቅ ነው። እንቢ ካልሽ ይሁን። እሄድና፣ ሚጡ አልመጣም ብላለች እለዋለሁ።»

ወይ ይቺ ቀበሮ! የልጅ ሆድ የቱ ጋ እንደሚባባ ታውቀዋለች። ሚጡ እየተጠላለፈች በረረች።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጫፍ ላይ ናት። ከዋርካው ሥር ጆንያ የለበሰ፣ ጆሮው የረዘመ ነገር ተኝቷል።

«አባዬ! ዘገየህ እኮ!»

«እም» አለ አያ ጅቦ አፉን ገጥሞ።

«ቦታህ ላይ አልተኛሁም። ዶሮዋንም አስነሥቻታለሁ።»

«እም።»

«በጣም ደክሞሃል አይደል? ግዴለም፣ አታውራ። እንደ ገናችን አንዴ እፍ በለኝና እማዬን እጠራልሃለሁ።»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ቀበሮ አፍህን አትክፈት ብላዋለች። ቆይቶ ግን በልቡ፣ «እሷ አትክፈት ያለችኝ ሳልጠየቅ ነው። አሁን ይኸው ተጠየቅኩ» አለና አፉን በሰፊው ከፍቶ «ሃፍፍፍ!» አለባት።

ኡኡቴ! ምን ዓይነት ትንፋሽ ነው! የከረመ አጥንት፣ የበሰበሰ ቆዳ፣ ምኑ ቅጡ! የሚጡ ዐይን እንባ አቀረረ። የአባቷ እስትንፋስ ጭድ ጭድ፣ የጠዋት ሣር ሣር ነው የሚለው። ተኝታ እንኳ ታውቀዋለች።

«አንተ አባዬ አይደለህም! አባዬ በጾም ሥጋ አይበላም!»

«ትንሽ ነው የበላሁት!» አለ አያ ጅቦ።

ይህን ብሎ ዘሎ ሊይዛት ሲል ጆንያው እግሩን ጠለፈው፤ የኮባው ጆሮ ደግሞ ዐይኑ ላይ ወደቀ። ሚጡ ዞር ብላ በሁለት የኋላ እግሮቿ አፍንጫውን አቀመሰችውና ፈረጠጠች።

«ያዛት እንጂ!» ብላ ቀበሮ ተደብቃ ከምታይበት ቁጥቋጦ ወጣች።

«የቱ ጋ ናት? ጆሮዬ ዐይኔን ጋረደኝ! ቆይ፣ ያዝኳት!»

«ጭራዬ ነው! የእኔ ጭራ ነው! ልቀቅ!»

ቀበሮ እየጮኸች፣ እየተራገመች ገደል ለገደል ሮጠች። አያ ጅቦም አፉ ጠጉር በጠጉር እንደሆነ፣ «እሜት ቀበሮ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» እያለ ተከተላት።

እሜት ቦራ ቄጤማ ተሸክማ ስትመለስ ልጇ እያለከለከች ደረሰች። የሆነውን ስትሰማ ቄጤማው ከጀርባዋ ተንሸራቶ ወደቀ። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ አንገቷን በልጇ አንገት ላይ ጣለች። መጨረሻ ላይ ግን እየሣቀችም እያለቀሰችም፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት መጥተው ይዩ! የእኔ ባል ቆላ ሆኖ አስጣለ!» አለች።

ቄጤማውን ጎዘጎዙ። በአባ ጫኔ ቦታ ላይም ጎዘጎዙ። ሚጡ ተኛች፤ እናቷ ከግራ «እፍፍፍ» አለቻት።

«እማዬ፣ በቀኝ በኩል ይበርደኛል።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔንም ይበርደኛል።»

ሚጡ ተነሥታ ወደ ባዶው ቦታ ዞረችና ቄጤማው ላይ «እፍፍፍ» ትል ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አባዬ ሲመጣ እንዳይበርደው ነዋ!»

እናቷም አጠገቧ ቆማ እፍ አለች። ገና በዚህ አለፈ። እነሱ ግን በየምሽቱ ባዶውን ቦታ ማሞቃቸውን አልተዉም። ጥምቀትም መጥቶ ሄደ። ቄጤማው ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ።

አንድ ቀን ወደ ማታ መንገዱ ላይ አቧራ ተነሣ። የሚጡ ጆሮ ቆመ። አቧራው ቀረበ፤ ጆሮዋ እንደቆመ ቀረ። የከሳ፣ ጀርባው የተላጠ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ አህያ ከደጃፉ ደረሰ። ሚጡ ግን አልሮጠችም። ራቅ ብላ ቆመች።

«መጀመሪያ እፍ በለኝ» አለችው።

አባ ጫኔ ነገሩ ባይገባውም አንገቱን ዘርግቶ «እፍፍፍ» አለ። ጭድ ጭድ፣ የጠዋት ሣር ሣር አለ። ያን ጊዜ ሚጡ ደረቱ ላይ ተወረወረች።

«ገና አመለጠኝ፣ ልጄ» አለ አባ ጫኔ ቦታው ላይ እየተጋደመ። ደረቁን ቄጤማ በአፍንጫው ነካ ነካ አደረገና ቀና አለ። «ማን ተኝቶበት ነበር? ሞቋል እኮ!»

«ማንም አልተኛበትም» አለች ሚጡ፣ ከጎኑ እየተሸጎጠች። «ስንጠብቅህ ነው የሞቀው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጅ በዓልን በዓል የሚያደርገው የገበታው ብዛት ሳይሆን በየዓመቱ ሳይታጎል የሚደረግለት ትንሽ የቤት ልማድ እንደሆነ፣ ያም ልማድ ወላጅ በሌለበት እንኳ ልጅን ከጅብ አፍ እንደሚያስጥል ነው።