ሦስተኛው መዝገብ

ተረት ተረት።

፦ የላም በረት።

እንግዲያው በረቱን ዝጉና ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው የሚያስቅ አይደለም። አባቴ ድሬዳዋ ላይ የአንድ ሕንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ደላላ ነበር። እሱ ከነጋዴው ሰማ፣ እኔም ከእሱ ሰማሁ።

በድሮ ዘመን፣ በሕንድ አገር፣ ዝናብ የሚያጥረው አንድ ግዛት ነበር። ገዥው ራጃ ናርሲንግ ይባላል። ከራጃው በላይ ደግሞ በሰሜን የተቀመጠ ታላቅ ንጉሥ አለ። የግዛቱ ሰው ነፍሱ የተንጠለጠለችው በአንድ ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቁን እግዜር አልሠራውም፤ የጥንት ሰዎች የአፈር ግድብ ደልድለው ውሃ ያቆሩበት ነው። ከግድቡ በታች ሦስት መንደሮች አሉና ሩዝ ይዘራሉ።

በዚያ አገር ወግ አለ። ዘመን ሲለወጥ የራጃው በጅሮንድ አደባባይ ይወጣና መዝገብ ያነባል። በመጪው ዓመት ይህን ያህል ይገባል፣ ይህን ያህል ይወጣል፣ ለዚህ ይህ፣ ለዚያ ያ እያለ። ሰዉ ቁጥሩን አይከተልም። ግብር ተጨመረ ወይ? የበዓል ሩዝ ይታደላል ወይ? ይህንኑ ይሰማና አጨብጭቦ ይሄዳል።

በጅሮንዱ ሶማያ ይባላል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ እጁ ግን ንጹሕ። ከመንግሥት ጎተራ አንዲት ፍሬ ቤቱ አስገብቶ አያውቅም። ሁለት ያልተዳሩ ሴት ልጆች ነበሩት።

ከታችኛው መንደር ደግሞ ላቻማ የምትባል ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ሥራዋ ግድቡ ላይ አፈር መሸከም ነው። በበጋ በጋ ይጠሯትና በቅርጫት አፈር እየተሸከመች የተሸረሸረውን ትሞላለች፣ በቅርጫቱ ልክ ሩዝ ይሰፈርላታል። ታዲያ አንድ ዓመት አሥር ቀን ብቻ አሠሯት። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ቀን። በሦስተኛው ጭራሽ የጠራት የለም። አደባባይ ላይ ግን በየዓመቱ «ለግድቡ አራት መቶ ጆንያ» ሲባል በጆሮዋ ትሰማለች።

ይህ ነገር ከነከናትና ወደ ሶማያ ቤት ሄደች። ከጉድጓዱ አጠገብ እግሩን ሲታጠብ አገኘችው።

፦ ጌታዬ፣ የሚያነቡትና የሚሰጡት አንድ ነው?

ሶማያ ይህን የጠየቀው ሰው ገጥሞት አያውቅም። እግሩን አብሶ ተነሣ። ከዚያም አስገባትና አስቀመጣት። መዝገቡ አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን ነገራት። የመጀመሪያው አደባባይ የሚነበበው ነው፤ እሱ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ዓመቱ ሲጋመስ የሚታረመው ነው። ሦስተኛው ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚጻፈው፣ በእውነት የገባውና በእውነት የወጣው ነው። እሱን ያነበበም፣ አንብቡልን ያለም የለም።

ከዚያም ሩዝ አመጣና ምንጣፉ ላይ አሥር እፍኝ አስቀመጠላት። አራቱ ከእርሻና ከገበያ ግብር የሚገባ ነው፣ አራቱን ታላቁ ንጉሥ ይልክልናል፣ ሁለቱን ከአንድ የወደብ ነጋዴ እንበደራለን አላት። ቀጠለና ይለየው ጀመር። ሦስት እፍኝ ለወታደርና ለጸሐፊ ደመወዝ። አንድ እፍኝ ለደከሙ ወታደሮች መጦሪያ። ሁለት እፍኝ ለነጋዴው፣ ለአምናና ለካቻምና ብድር ወለድ። ሁለት ለበዓል ሩዝ። አንድ ለመንገድና ለዳኞች። አንድ እፍኝ ቀረ። እሱ የግድቡ ነው።

፦ ንጉሡ የሚልከው ሲጎድልስ? አለችው።

፦ ወታደሩ ጦር ይዟል። ነጋዴው ካልተከፈለው ዳግመኛ አያበድርም። የበዓል ሩዝ ከቀረ ሰዉ ይጮኻል። ግድብ አይጮኽም።

ላቻማ የግድቡን እፍኝ አየች። ሦስተኛውን መዝገብ አደባባይ ያነብላቸው ዘንድ ለመነችው። ሶማያ እንጀራዬ ነው፣ ልጆቼ ናቸው አለ። ቢሆንም ለራጃው እነግረዋለሁ ብሎ ማለላትና ሄደች።

ነገረውም። ራጃ ናርሲንግ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። የግድቡን ነገር እንደማያውቅ አስመስሎ አልተናገረም።

፦ አውቃለሁ፤ አለው። ነገር ግን ባዶ እጃችንን መሆናችንን ካነበብክ ነጋዴው ይሰማል። ነጋዴው እጁን ሲሰበስብ ደመወዙ በወሩ ይቆማል። አንድ ዓመት ታገሠኝ። ዝናቡ መልካም ከሆነ ግብሩም ይገባል፣ ግድቡንም እንጠግናለን።

ሶማያ አሰበው። ነገሩ እውነት መሰለው። ከዚያም ዘመን ተለወጠና አደባባይ ወጣ።

፦ ለግድቡ አምስት መቶ ጆንያ፤ ብሎ አነበበ።

ሰዉ አጨበጨበ። ላቻማ ከፊት ቆማ ነበር። እሷ አላጨበጨበችም፣ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሶማያ ዓይኑን ወደ መዝገቡ መለሰና የሚቀጥለውን መስመር አነበበ።

ላቻማ ከዚያ በኋላ ወደ ማንም አልሄደችም። አሥራ አንድ ሴቶች ሰበሰበች። ያለ ክፍያ፣ በየቤታቸው ባለው ቅርጫት፣ ግድቡ ወደ ተሰነጠቀበት አፈር ይሸከሙ ጀመር። አርባ ቀን ተሸከሙ። አሥራ ሁለት ሴት ግን ሦስት ዓመት የተራበ ግድብ አይሞላም።

ዝናቡ መጣ። ራጃው እንደተመኘው መልካም ሆነ፣ ከመልካምም አለፈ። ዘጠኝ ቀን አላቋረጠም። በዘጠነኛው ቀን፣ በቀትር፣ ሴቶቹ ስንጥቁን ሊሞሉ ተመልሰው ቅርጫታቸውን እንደያዙ ግድቡ ከእግራቸው ሥር ተናደ። ላቻማንና ሰባት ሴቶችን ውሃው ወሰዳቸው። ከዚያም ሦስቱን መንደሮች ወሰደ። ከብቱን፣ ቡቃያውን፣ ያልሸሸውን ሰው ሁሉ ወሰደ። የሶማያ ቤት ከፍታ ላይ ነበርና ደጃፉ እንኳ አልረጠበም።

ራጃው ለተረፈው ሰው እህል ሊገዛ ወደ ነጋዴው ላከ። ነጋዴው፣ ግብር የሚከፍለው እርሻ አሸዋ ሆኗል፣ በምን ትመልሱልኛላችሁ ብሎ መለሰ። ደመወዙም በወሩ ቆመ። ወታደሩ ጦሩን ሸጦ ሄደ። ራጃውም ወደ ታላቁ ንጉሥ ከተማ ሄደ፣ አልተመለሰም።

ዘመን ተለወጠ። ሶማያ ማንም ሳያዘው አደባባይ ወጣ። ይዞ የወጣው ሦስተኛውን መዝገብ ነበር። የመጣው ሰው መቶ አይሞላም። በዚያ በቀጭን ድምፁ ጀመረ።

፦ ለግድቡ ተብሎ የተነበበ፣ አራት መቶ ጆንያ። የተሰጠ፣ ስድሳ። በሁለተኛው ዓመት የተነበበ፣ አራት መቶ። የተሰጠ፣ ሃያ። በሦስተኛው ዓመት የተነበበ፣ አራት መቶ። የተሰጠ የለም። አምና የተነበበ፣ አምስት መቶ። የተሰጠ የለም።

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡና ይህን ታውቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት።

፦ አውቅ ነበር፤ አለ።

ሶማያ መዝገቡን መሬት አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ ዱላውን ጠበቀ። ዱላ አልመጣም። ድንጋይም የወረወረ የለም። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደ፣ ጀርባውን ብቻ አሳየው። በመጨረሻ አንዲት ሴት ቀረች። ሲታማ ትባላለች፣ ከላቻማ ጋር አፈር ከተሸከሙት የተረፈች ናት።

፦ ግድቡ ላይ የሞቱት ሴቶች መዝገቡ ላይ አሉ? አለችው።

፦ የሉም። የሰው ስም የሚገባበት ቦታ የለውም።

፦ ጻፋቸው።

ብዕሩን አነሣ፤ እጁ ግን የት እንደሚያርፍ አጣ። ከገቢው ወገን ይሁን ከወጪው ወገን ብሎ ጠየቃት። ሲታማ ከፊቱ ተቀመጠች።

፦ ከወጪው፤ አለችው። በእነሱ ነው የከፈላችሁት።

ከዚያም ስም በስም ነገረችው፣ እሱም ስምንቱን ጻፈ። ላቻማ ብላ ጀምራ የመጨረሻዋን ስትጠራ ፀሐይ ጠለቀች።

እኔም እዚህ ላይ አበቃሁ። ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋልና ቆሎ አቀብሉኝ።