ሦስቱን የከሰሰችው አራተኛዋ

አንድ ሰውዬ ነበር፣ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠብቅ። ስሙን አልነግራችሁም። አክስቱ እዚሁ መሀላችን ተቀምጣለች። አትዙሩ እንጂ! እኔም ከሷ ነው የሰማሁት።

ይሄ ሰውዬ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለው። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ አራት ኮምፒውተሮች ይኖራሉ። ቨርቹዋል ይሏቸዋል። አይዳሰሱም፤ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥራ፣ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። አንድ ግቢ የተከራዩ አራት ሰዎች በሏቸው።

አንዷን፣ አሮጊቷን፣ መጋቢት ላይ ሥራ አስቁሞ አስተኛት። ቦታ ጠቦት ነው። ሰኔ ላይ የሠልጣኞቹ ምርቃት ሲደርስ ቀሰቀሳት። የምስክር ወረቀት የምታወጣው እሷ ነቻ!

ተነስታ ምን ብትል ጥሩ ነው? ሦስቱ የሚልኩላትን ሁሉ አልቀበልም አለች። አንዷ ውጤት ትልካለች፤ «አላምናትም»። ሌላዋ ስም ዝርዝር ትልካለች፤ «አላምናትም»።

አብራው የምትሠራ ትርንጎ የምትባል ልጅ፣ «ወንድሜ፣ ሦስቱም ባንዴ ተበላሹ? ከሳሿንስ አይተሃታል?» አለችው።

«እሷን እንኳን ተያት፣ ስንት ዓመት አውቃታለሁ! አንቺ ትናንት መጥተሽ!»

ሦስቱን አጠፋቸው። እንደ አዲስ ሠራቸው። አዲሶቹንም አላምንም አለች! ያኔ ነው ቀኗን ያየው። ለካ ስትተኛ ሰዓቷም አብሮ ቆሞ፣ እሷ ገና መጋቢት ላይ ናት። ሰኔ የተጻፈ ነገር ሲመጣላት፣ ቀኑ ያልደረሰ፣ የተጭበረበረ እየመሰላት ነው የምትመልሰው። ጤነኞቹስ ሦስቱ ነበሩ።

ካጠፋቸው ከሦስቱ ባንዷ ውስጥ የተግባር ፈተናው ውጤት ነበር። ሌላ ቦታ አልገለበጠውም። ሠልጣኞቹ ድገሙ ተባሉ፤ ደገሙ። ብርዛፍ የምትባል ልጅ ግን መውለጃዋ ደርሶ አልቻለችም። ፋብሪካ ሊቀጥራት ወረቀትሽን አምጪ ብሏት ነበር፤ ቦታውን ለሌላ ሰጡት።

ሰውዬው አራስ ቤት ሊጠይቃት ሄደ። «እኔ እኮ ልብሱን ሰፍቼ አሳይቼ ነበር» አለችው። ይሄንኑ ብቻ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

አትፍረዱበት፣ ልጆቼ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘርፌ የምትባል የጎረቤቴን ደጅ አልረገጥኩም። ለምን? አንዲት ወዳጄ «እሷ ክፉ ናት» ስላለችኝ። ወሬው ደግሞ ሲጣፍጥ! «መቼ ነው የበደለችሽ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ለካ የጉብዝናቸው ጊዜ ቂም ነው። ዘርፌ ወዳጄ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ከጠየቀቻት ስንት ዘመኗ! ይሄን የሰማሁት የት መሰላችሁ? ዘርፌን ቀብረን ለቅሶ ስንቀመጥ።

እናንተስ? «አማትሽ እንዲህ ናት፣ ወንድምህ እንዲያ ነው» ሲሏችሁ፣ መቼ ብላችሁ ጠይቃችኋል? ራሳችሁስ በዱሮ ቀን የምታዩት ሰው የለም? ሰው ይለወጣል እኮ። እግዚአብሔር የለወጠውን እናንተ አላምነውም ብላችሁ ትመልሱታላችሁ?

አሁን በልባችሁ አንድ ስም መጥቷል። አውቃለሁ፣ ፊታችሁ ያሳብቃል። ያ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ሂዱና በሩን አንኳኩ። እኔ የማንኳኳው በር የለኝም።