የእትዬ ትርንጎ ሆድ እስኪታይ

አንድ ጊዜ ያላጣራሁትን ነገር በእድራችን መዝገብ ላይ ጽፌአለሁ። አንዲት መስመር ናት። የጻፍኳት ደግሞ የእጅ ጽሑፌ ባማረበት ቀን ነበር። ያቺ መስመር ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። እኔን በተረቱ ውስጥ ስታገኙኝ "ጸሐፊዋ" በሉኝ፤ በስሜ ለመጠራት ገና አልደፈርኩም።

በሉ ጆሮ ስጡኝ፤ የሰማችሁ አትቅደሙኝ፣ ያልሰማችሁ አታቋርጡኝ።

እትዬ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ አንድ ነገር ይወጋታል። ሲፈልግ ሦስት ቀን ይተዋታል፤ ሲፈልግ ደግሞ ወጥ እያማሰለች በጉልበቷ ያንበረክካታል። አንዱ ክሊኒክ "ታይፎይድ ነው" አላት። ሁለተኛው "ጨጓራ ነው" አላት። ሦስተኛው እንዳይሳሳት ብሎ "ታይፎይድም ጨጓራም ነው" አላት። እሷ የሦስቱንም መድኃኒት ዋጠች፤ ሦስቱ ክሊኒኮች የእሷን ብር ዋጡ፤ ሕመሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ጎረቤት ደግሞ ያለ ክፍያ መረመራት። "ብርድ ነው።" "ምቀኛ ነው።" "ኧረ ሐሳብ ነው፣ ከሐዘኑ ወዲህ እኮ ነው!"

ትርንጎ የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነበር። "ለመዳኑ ሌላ ቀን እለምናለሁ" ትላለች፣ "አሁን ስሙን ብቻ ንገሩኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች። እዚያ ሆድ ሳይቀድ የሚያይ አልትራሳውንድ የሚባል መሣሪያ አለ። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ቀና ብሎ አያት።

"ደረሰኝስ?"

"ሆዴን ነው ይዤ የመጣሁት ልጄ።"

"እናቴ፣ ደረሰኝ የሌለው ሆድ ለዚህ መሣሪያ አይታየውም።"

ያለ ደረሰኝ መሣሪያው አላይም አለ፤ የትርንጎም ሆድ ሳይታይ አደረ።

ደረሰኝ ወደምትቆርጠዋ ገንዘብ ተቀባይ ሄደች። በመስኮቷ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ "እባክሽ ደረሰኝ ቁረጪልኝ" አለቻት። ገንዘብ ተቀባይዋም "ወይ ብር፣ ወይ ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ" አለችና "ቀጣይ!" ብላ ተጣራች። ያለ ደብዳቤ ደረሰኙ አልቆረጥም አለ፣ ያለ ደረሰኝ መሣሪያው አላይም አለ፤ የትርንጎም ሆድ ሳይታይ አደረ።

ቀበሌ ለመሄድ ትርንጎ ከዋዜማው ነጠላዋን አጠበች፣ ጫማ ከጎረቤት ተዋሰች። መንግሥት ቤት ተጎሳቁሎ አይኬድማ! ማኅተሙን በመሳቢያው ቆልፎ የሚያስቀምጠው አቶ ዳኘው ግን ከእግሯ እስከ ራሷ ለካት።

"እናት፣ ድሃ ነኝ እያሉ ነጠላዎት እንዲህ ይነጣል?"

"ሳሙና አለቀ ብዬ አይደለም እኮ የመጣሁት። ድሃ ማለት ቆሻሻ ማለት ነው እንዴ?"

"እኔ አላልኩም። ሦስት ምስክር ያምጡ። ያለ ምስክር የሚታመነው ሀብት ነው፤ ድህነት ማስረጃ ይፈልጋል።"

ያለ ምስክር ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ያለ ማኅተም ደብዳቤው አልወጣም አለ፣ ያለ ደብዳቤ ደረሰኙ አልቆረጥም አለ፣ ያለ ደረሰኝ መሣሪያው አላይም አለ፤ የትርንጎም ሆድ ሳይታይ አደረ።

ሦስት ጎረቤቶቿን ለመነች። ሦስቱም በአንድ አፍ ደነገጡ። "አንቺን? ለባልሽ ተዝካር ሰፈሩን ያበላሽውን ሴት? ድሃ ናት ብለን ብንፈርም ሰው ምን ይለናል! እንደ ስድብ ይቆጠርብናል እኮ!" ከዚያ አንደኛው ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የእድሩ ዳኛ ይፈርሙና እኛ ከኋላ እንከተላለን" አላት። ከኋላ መከተል ለሰፈራችን ሰው አይከብደውም። ያለ ዳኛው ምስክሮቹ አንፈርምም አሉ፣ ያለ ምስክር ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ያለ ማኅተም ደብዳቤው አልወጣም አለ፣ ያለ ደብዳቤ ደረሰኙ አልቆረጥም አለ፣ ያለ ደረሰኝ መሣሪያው አላይም አለ፤ የትርንጎም ሆድ ሳይታይ አደረ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንዳፍራሽ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መዝገቡን አወጡ፣ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገጹን ገለጡ።

"እኔ ለአንቺ ደሜን እሰጣለሁ፣ ትርንጎ። ፊርማዬን ግን መዝገቡ ይዞብኛል። አምና ቀበሌው የችግረኞችን ስም ሲጠይቀን ስለ አንቺ ምን እንደተጻፈ ስሚ፦ 'ወይዘሮ ትርንጎ ቴሌቪዥን ስላላቸው ችግረኛ አይደሉም።'"

"ማነው የጻፈው?"

"ጸሐፊዋ ናታ። የጻፈችውን እሷው ትሰርዝ።"

መዝገቡ ካልተሰረዘ ዳኛው አልፈርምም አለ፣ ያለ ዳኛው ምስክሮቹ አንፈርምም አሉ፣ ያለ ምስክር ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ያለ ማኅተም ደብዳቤው አልወጣም አለ፣ ያለ ደብዳቤ ደረሰኙ አልቆረጥም አለ፣ ያለ ደረሰኝ መሣሪያው አላይም አለ፤ የትርንጎም ሆድ ሳይታይ አደረ።

ጸሐፊዋ ልብስ እያሰጣች ነበር። ትርንጎ ጎኗን ይዛ ከአጥሩ ማዶ ቆመች።

"እቴ፣ ያቺን መስመር ሰርዢልኝ።"

"ቃለ ጉባኤ እንደ ልብስ አይታጠብም፣ እትዬ ትርንጎ" አለች ጸሐፊዋ፤ አባባሏን ራሷ ወደደችው። "ደግሞ አልዋሸሁም። ሳልፍ በመስኮት አይቼዋለሁ። ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት። የለኝም ትያለሽ?"

ያንን ዳንቴል የሠራችው ማን ምን እንዲያይ እንደሆነ ትርንጎ ታውቃለች። "አለኝ" አለች።

"እንግዲያው ቴሌቪዥኑ ራሱ መጥቶ ይመስክርልሽ፤ ያኔ እሰርዛለሁ" ብላ ሳቀች ጸሐፊዋ፣ ሸሚዙንም በመቆንጠጫ ያዘችው።

ወራት አለፉ። ትርንጎ ከሳች፤ ዓይኗ ቢጫ እየሆነ መጣ። ሰፈሩ አይቶ "አይ ትርንጎ፣ ሐሳብ ጎዳት" አለ። ያለ ቴሌቪዥኑ ጸሐፊዋ አልሰርዝም አለች፣ መዝገቡ ካልተሰረዘ ዳኛው አልፈርምም አለ፣ ያለ ዳኛው ምስክሮቹ አንፈርምም አሉ፣ ያለ ምስክር ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ያለ ማኅተም ደብዳቤው አልወጣም አለ፣ ያለ ደብዳቤ ደረሰኙ አልቆረጥም አለ፣ ያለ ደረሰኝ መሣሪያው አላይም አለ፤ ሕመሙ ብቻ ማንንም ሳያስፈቅድ ገባ ወጣ አለ።

አንድ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ድንኳኑ መቀደድ ሲጨቃጨቅ፣ ትርንጎ ቴሌቪዥኑን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ ገባች። በየሦስት እርምጃው እየቆመች መጥታ መካከል ላይ አወረደችው።

"እትዬ ትርንጎ፣ ዜና ልታሳዪን ነው?" አለ አንዱ።

"ኳስ ካለ እኔም እቀመጣለሁ!" አለ ሌላው።

"ጸሐፊዋ ምስክር አምጪ ብላኛለች" አለች ትርንጎ። "ይኸው፣ ጠይቁት።" ዳንቴሉን ገለጠችው።

መስታወት የለውም። ሽቦ የለውም። ባዶ ቀፎ ነው፤ ውስጡ በላስቲክ የታሰረ ሽሮና ጥቂት ሽንኩርት ብቻ። አንዱ ሽንኩርት ተንከባሎ ጋሽ ወንዳፍራሽ ጫማ ሥር ቆመ።

"የውስጥ ዕቃውን ባሌ ጥገና ቤት ወሰደው" አለች ትርንጎ። "ጥገና ቤቱ ተዘጋ፤ ባሌም ሞተ።"

"ታዲያ ቀፎውን ምን ያደርግልሻል? አትጥይውም?" አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

"ቤቴ ባዶ እንዳይመስል ነዋ።"

በሰፈራችን ሆዱ በነፃ የታየለት የመጀመሪያው ሕመምተኛ ቴሌቪዥኑ ሆነ።

ከዚያማ ምን አለፋችሁ! ቴሌቪዥኑ ባዶ ሆዱን አሳየ፣ ጸሐፊዋ መስመሯን ሰረዘች፣ ዳኛው ፈረመ፣ ምስክሮቹ ተሻምተው ፈረሙ፣ እንዲያውም ሦስት ሲፈለግ ዘጠኝ ፈረሙ፣ ማኅተሙ ጧ ብሎ አረፈ፣ ደብዳቤው ወጣ፣ ደረሰኙ ተቆረጠ፣ መሣሪያው ዓይኑን ገለጠ፤ የትርንጎም ሆድ ታየ። ሰባት ወር የተቋጠረው በሁለት ቀን ተፈታ። ሁለት ቀን ብቻ!

ዶክተሩ የተሰጠውን ውጤት ሁለት ጊዜ አነበበ። ጸሐፊዋ የትርንጎን ቦርሳ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።

"እናቴ፣ የሐሞት ጠጠር ነው። ከረጢቱን ሞልቶ መተላለፊያውንም ዘግቶታል፤ ጉበትዎንም መጉዳት ጀምሯል።"

"ጠጠር" አለች ትርንጎ፣ ቃሉን እንደ ስጦታ ተቀብላ። "ስሙ ጠጠር ነው። ተመስገን፣ አወቅሁት።"

"ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ቀላል ቀዶ ጥገና ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ቤትዎ ይገቡ ነበር። አሁን ረጅም ጊዜ መተኛትዎ ነው፣ እንደሚተርፉም እርግጠኛ አይደለሁም። ለምን ቆዩ? ማን አቆየዎት?"

ጸሐፊዋ ቦርሳውን አጥብቃ ያዘች። ትርንጎ ዞር ብላ አላየቻትም።

"ማንም አላቆየኝም፣ ልጄ። የቤት ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

ትርንጎ አርባ አንድ ቀን ተኝታ በሰው ትከሻ ተደግፋ ወጣች። ዛሬም ደረጃ አትወጣም፣ ባልዲ አታነሳም። እኔን በመንገድ ስታገኘኝ ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት።

ዶክተሩ ሲጠይቅ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለእሷ ነግሬአት ይቅር ብላኛለች፤ እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ይቅር በሉኝ።