ሙፍሪያት እስክትደርስ

ሼህ ሸረፈዲን የሟች ወንድማቸውን ልጅ፣ የቲሟን ሙፍሪያትን በደሏት። በደሉም በጓዳ አልተፈጸመም፤ ጁምዓ ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ ጀመዓው ሁሉ እያየ ነው። እሷ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እሳቸው ደግሞ በዚያች የጥንት የንግድ ከተማ ስንቱን ልጅ ቁርኣን ያስተማሩ፣ ስንቱን ደም የተቃባ ያስታረቁ፣ እናቶች ለልጆቻቸው “እንደሳቸው ያድርግህ” ብለው የሚመርቁባቸው ሽማግሌ ነበሩ።

ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ፣ ለሐጅ ወደ ባሕሩ የሚወርድ አንድ መንገደኛ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። እግሩ ቆስሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። “የአላህ ባሮች፣ እስከ ባሕሩ የሚያደርሰኝ አጣሁ” አለ። ይሄኔ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ይፈልግ ጀመር፤ ያን ቀን የጫማ ፍለጋው ረዘመ። ሼህ ሸረፈዲን ግን ከግቢያቸው አንዲት ዳማ በቅሎ አስመጥተው ልጓሟን ለመንገደኛው አስጨበጡት።

“በቅሎዬን ውሰድ። ዱዓህን ብቻ አትንፈገኝ” አሉት።

ጀመዓው “አላሁ አክበር!” አለ። ዓይኑን የጠረገም ነበር። ያን ጊዜ ሙፍሪያት በሰው እግር መሃል ተሹለክልካ መጥታ ልጓሙን ጨበጠች።

“የአባቴ በቅሎ ናት! አባቴ ለኔ ነው የተዋት!”

እውነቷን ነበር። ወንድማቸው ሲሞት ትቶት የሄደው አንዲት ልጅና አንዲት በቅሎ ነው፤ ሁለቱንም አማና ብሎ በሼሁ እጅ አስቀምጧል። ሼሁ ይህን አልዘነጉትም። “እውነቷን ነው” ብለው ቢመልሱ የሚቀርባቸው የዚያን ቀን ሙገሳ ብቻ ነበር። ሙገሳ ግን መጥፎ ነገር ነው፣ ጠጅ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያሰክራል። ፈገግ ብለው የልጅቷን ጣቶች ከልጓሙ ላይ አንድ በአንድ አላቀቁና፣

“አትስሟት፤ ልጅ ናት፣ ትዋሻለች” አሉ።

ሰው ሳቀ። በቅሎዋ ሄደች።

በማግስቱ ስካሩ በረደላቸው። የመስጊዱን ኢማም ሼህ ሙዘሚልን ብቻቸውን አግኝተው ሁሉንም ተናገሩ።

“ሌላ በቅሎ እገዛላታለሁ፣ ከዚያችም የምትበልጥ” አሉ።

“ግዛ። ግዴታህ ነው። ቃሏንስ በምን ትተካዋለህ?”

“አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ።”

“ያልደረሰች ልጅ አፉታ አይጸናም፣ ሸረፈዲን። ሐቋን አስልታ ለመተው ገና ናት። እስክትደርስ ድረስ ሐቋ አላህ ዘንድ ተቀምጦ ይቆያል። አንተ እስከዚያ እንዲያቆይህ ዱዓ አድርግ።” ኢማሙ ጨመሩ፤ “እውነቱን ለሰው ለመናገር ግን የሷን መድረስ መጠበቅ የለብህም።”

ሼህ ሸረፈዲን የመጀመሪያውን ቃል በሁለቱም ጆሯቸው ሰሙት። የመጨረሻውን እንዳልሰማ ሆነው ወጡ።

በዚያ አገር ሐጅ የሚሄድ ሰው ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት ቤት ለቤት ዞሮ “አፉ በሉኝ” ይላል። የበደለው ይቅር ይለዋል፤ እሱም የሰው ሐቅ ሳይከተለው ይሄዳል። ሼሁ ለሐጅ የሚሆናቸውን ካዘጋጁ ቆይተዋል። ግን ሌላው ደጃፍ ሁሉ ቢዞር አፉታዋ የማይጸና አንዲት ነፍስ በገዛ ቤታቸው እያለች እንዴት ይነሱ? ስለዚህ ቀሩ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ስምንት ዓመት። በየዓመቱ የሐጅ ተጓዦቹን ቅፍለት እስከ ከተማው ዳርቻ ይሸኛሉ፤ ምርቃቱን ያወርዱና እያዘገሙ ይመለሳሉ።

“ለሰው በቅሎ ሰጥተው እሳቸው ሸኚ ሆነው ቀሩ” ይላል አላፊ አግዳሚው።

የበቅሎዋ ወሬ በጁምዓ ስብከት፣ ኹጥባ ላይ ሳይቀር የሚጠቀስ ሆነ። ስለ ሰደቃ በተነሳ ቁጥር “ከመካከላችን አንድ ሰው…” ይባላል፤ ሼሁ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ሰው ደግሞ አንገት መድፋታቸውን ትሕትና ብሎ ይጨምርላቸዋል። እሳቸው ራሳቸው ሲያስተምሩ የየቲምን ገንዘብ ስለሚበሉ ሰዎች የወረደው የቁርኣን አያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይፈጥናል። ደረሶቻቸው ይህን ቢያስተውሉም ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም።

ሙፍሪያት ደግሞ አደገች። የሰፈር ልጆች “በቅሎዬ” የሚል ስም አወጡላት፤ አንድ ነገር ባወራች ቁጥር “እንደ በቅሎዋ ነው?” ይሏታል። ከጊዜ በኋላ ያለ ምስክር መናገር ተወች። “ዶሮዋ እንቁላል ጥላለች፤ እማማ ዘሀራም አይታለች።” “ምንጩ ደፍርሷል፤ የጎረቤትን ልጅ ጠይቋት።” ሼሁ ይህን በሰሙ ቁጥር የቆረሱት እንጀራ እጃቸው ላይ ይቀራል።

ስምንተኛው ዓመት ላይ የረጀብ ወር ገባ። በዚያ ከተማ ልደት ብሎ የሚደግስ የለም፤ የብዙ ሰው ዕድሜ የሚቆጠረው በአንበጣውና በኩፍኙ ዓመት ነው። የሙፍሪያትን ቀን ግን አባቷ በቁርኣኑ የመጨረሻ ገጽ ላይ በገዛ እጁ ጽፎት ነበር፦ ረጀብ ዘጠኝ። ሼሁ ስምንት ዓመት ሙሉ ያችን ገጽ ሲገልጡ ኖረዋል። አሁን አሥራ አምስት ሊሞላት ነው። ደረሰች ማለት ነው፤ ሶላቷም የራሷ፣ ሐቋም የራሷ። እሳቸውም ሰባኛቸውን አልፈዋል፤ ባለፈው ክረምት ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ጊዜ የፈሩት ሞትን ሳይሆን ከረጀብ በፊት መሞትን ነበር።

“ስጦታ ላበረክትላት አስቤያለሁ” አሉ ለባለቤታቸው ለዘሀራ።

“ምን?”

“ለደረሰች ልጅ የሚሆን ነገር ነዋ።”

ብር አንጣሪው ዘንድ ሄዱ። አንጥረኛው አምባሮቹን በጨርቅ ላይ ደረደረላቸው። “ይቺ ታምርባታለች፣ ሼሁ። የእጇ ልክ እንዴት ነው?”

ሼሁ አሰቡ። ቁመቷን ያውቁታል፤ ድምፅዋን ያውቁታል። እጇን ሲያስቡ ግን የሚመጣባቸው ልጓም የጨበጠች አንዲት ትንሽ እጅ ብቻ ናት። አምባሩን መልሰው አስቀመጡት።

በማግስቱ ጨርቅ ነጋዴው ሙራድ ሱቅ ገቡ። ሙራድ ገና ሐሩን ሳይዘረጋ አፉን ዘረጋ።

“ለሙፍሪያት ነው? ማሻአላህ፣ ደረሰችኮ! ለማን አሰቧት?”

“ሻሽ ነው የምፈልገው።”

“እሱማ ይደርሳል። የኔን ልጅ ያውቁታል አይደል? ሶላት አያልፈውም። ከንግግሩም ቁጥብ ነው።”

“አንተ ስትናገር የት ተራ አግኝቶ!”

ሙራድ ሳቀና ካለው ሁሉ የተመረጠውን አረንጓዴ ሐር አጥፎ በወረቀት ጠቀለለላቸው። “ዋጋ አልቀበልም። አማች ከአማች ዋጋ አይቀበልም።”

ሼሁ ሐሩን ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ። ሦስተኛው ቀንም እንዲሁ ዋለ። ወደ ቤት ሲገቡ ዘሀራ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላ እጃቸውን አየች።

“ባዶዎን መጡ።”

“የሚሆናት አጣሁ።”

“አንቱ ሰውየ፣ ሦስት ቀን ዕቃ ሲያማርጡ ዋሉ። ያች ልጅ እንቁላል አየሁ ለማለት እኔን ምስክር ትጠራለች። የጎደላት አምባር ነው?”

ሼሁ መደቡ ላይ ተቀመጡ። “ብናገር እኮ ሰው…”

“ሰው ምን ይላል ነው? ልንገርዎ፤ ሼህ ሸረፈዲን ዋሹ ይላል። ዋሽተዋላ!”

“እሷ ትድረስ ብዬ ነው የቆየሁት። ሸሪዓው…”

“ሸሪዓውን ለኔም ነግረውኛል። አፉታዋን ይጠብቁ አለ እንጂ አፍዎን ይዝጉ አለ? የልጅቷን ዕድሜ መጋረጃ አድርገው ስምንት ዓመት ተጋረዱበት። ዛሬ መጋረጃው ሊነሳ ሲል በሐር ሊተኩት ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ።”

ሼሁ ሳያስቡት ሳቅ መጣባቸው፤ የተጨነቀ ሰው ሳቅ። “አንቺ ሴት፣ ይህ ምላስሽ…”

“ምላሴን ይተዉትና የራስዎን ያንቀሳቅሱ” አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ረጀብ ዘጠኝ ከዙህር ሶላት በኋላ ሼሁ ያን ጁምዓ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ከነበሩት በሕይወት ያለውን ሁሉ ቤታቸው ጠሩ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ባለችበት ቤት ሰው ሲጠራ በዚያ ከተማ ትርጉሙ አንድ ነው። ስለዚህ ሙራድ አዲስ ጥምጣም ጠምጥሞ፣ ሁለት ራስ ስኳር አሸክሞ፣ ጎረቤቱን በክርኑ እየገፋ መጣ። “ነግሬህ አልነበር?” ይላል፤ ጎረቤቱ ምንም አልተነገረውም። ያረጁት ኢማም ሼህ ሙዘሚልም ተደግፈው መጡ። ተበላ፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሼሁ ሙፍሪያትን አስጠሩና ከዘሀራ ጋር መጋረጃው አጠገብ እንድትቀመጥ አደረጉ። ሙራድ ጥምጣሙን አስተካከለ።

ሼህ ሸረፈዲን ቆመው ተናገሩ።

“ከስምንት ዓመት በፊት ለመንገደኛ በቅሎ ሰጠሁ ብላችሁ ስታመሰግኑኝ ኖራችኋል። በቅሎዋ የኔ አልነበረችም። የዚች ልጅ ነበረች፤ ከአባቷ የቀረቻት በቅሎዋ ብቻ ናት። ያን ቀን እውነቱን የተናገረችው እሷ ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ምንጣፉን መመርመር ያዙ። ዝምታ የማይችለው ሙራድ ነበር።

“ኧረ ሼሁ! ኋላ የምትበልጥ በቅሎ ገዝተውላት የለም እንዴ? ታዲያ ምን ቀረ?”

“ውሸታም መባሏ ቀረ።”

“ለደግ ሥራ እኮ ነው የዋለችው…”

“ደግ ያስባለኝ ንብረት የኔ ቢሆን ኖሮ፣ እሺ።”

ኢማም ሙዘሚል ዓይናቸው እንባ አቅርሮ “ማሻአላህ፣ ሸረፈዲን” አሉ። “ለዚች ልጅ ከወርቅ የሚበልጥ ስጦታ ሰጠሃት።”

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“የራሷን መለስኩላት እንጂ ስጦታስ ገና አልሰጠኋትም።”

ይችን ቃል ለብዙ ሰው መንገር ያስፈልጋል። የየቲምን ድርሻ መልሶ ውለታ የሚያስቆጥር አጎት አለ። ሚስቱን በጥፊ ሳይሆን በስድብ ስላለፋት ብቻ ቸር ነኝ ብሎ የሚያወራ ባል አለ። ልጅን “አታውቅም” እያለ አሳድጎ፣ አዋቂ ስትሆን በጌጥ ሊያስረሳት የሚሮጥም ሞልቷል። የሰው ሐቅ ግን በቀለም ወረቀት ስለተጠቀለለ ስጦታ፣ ሐዲያ አይሆንም። ሐዲያ የሚጀምረው ሐቁ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚሰጠው ሁሉ፣ ሐርም ይሁን አምባር፣ ከባለ ሐቁ ዓይን ማምለጫ ነው። ሼህ ሸረፈዲን ይህን ለማወቅ ስምንት ዓመትና ሦስት የገበያ ቀን ፈጀባቸው። አንዳንዱ ደግሞ ሳያውቀው ተጠቅልሎ ይቀበራል። ከበደል የነጹ ሰው ስለሆኑ አይደለም ስማቸው በመልካም የሚነሳው። ባሞገሳቸው ሰው ፊት ተመልሰው ስለቆሙ ነው።

ነገሩ ግን ገና አላለቀም ነበር። ሼሁ ወደ ሙፍሪያት ዞረው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ወዳላዩት ዓይኗ ቀጥ ብለው አዩ።

“ዛሬ ደርሰሻል” አሏት። “አፉ ማለትም፣ አለማለትም ያንቺ ነው። ቅፍለቱ በመጪው ወር በሻዕባን ይነሳል። ሂዱ ካላልሽኝ አልሄድም፤ አልቀየምሽምም።”

ወዲያው ከየማዕዘኑ ድምፅ ተነሳ። “በይ እንጂ ልጄ!” “ሽማግሌ አይቆምም፣ አፉ በይ!” “ቶሎ በይና ያሳርፉ!”

“አትቸኩሉባት” አለች ዘሀራ። “እናንተን ማን ጠየቃችሁ?”

ሙፍሪያት ሻሿን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ተነሳች። ሼሁ የቆሙበት ድረስ መጥታ፣ ክንዳቸውን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። እሷ ግን እንደቆመች ቀረች። ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች፦

“የበቅሎዋን አፉ ብያለሁ፣ አባባ። ትዋሻለች ያሉኝንም አፉ ብያለሁ። ዝም ያሉበትን ስምንት ዓመት ግን ዛሬ አልችልም። ይሂዱ፤ በሰላም ይመለሱና ያኔ ይጠይቁኝ።”