የሻንቆ አልጋ

ዝግባ አፋፍ በምትባል መንደር፣ ሰው ለጎረቤቱ ትንሽ ነገር ሲሰስት ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ተረት አለች። የዛሬ ልጆች ይተርቷታል እንጂ ከየት መጣች ብለው አይጠይቁም። ተረት መቼም ከሰማይ ዱብ አይል! ይቺኛዋ የመጣችው ከአንድ አንካሳ ውሻ አልጋ ነው።

የውሻው ስም ሻንቆ፣ የጌታው ስም አያ ጓንጉል ነው። ጓንጉል ያለችው አንዲት የበቆሎ ማሳ ነበረች፤ እሷም ገደሉ አፋፍ ላይ። ገደል ደግሞ እንግዲህ የዝንጀሮ አገር ነው። አምና በቆሎው ሲያሽት የዝንጀሮ መንጋ ወጣና ሻንቆን ዳሌውን ነክሶ ጣለው፤ ማሳውንም ሙልጭ አድርጎ ሄደ። ያን ዓመት ጓንጉልና ሚስቱ ጥሩዓይነት እንዴት እንደከረሙ የሚያውቁት እነሱና ፈጣሪ ብቻ ናቸው። ዘንድሮም ከተደገመ አገር ጥሎ ከመሰደድ በቀር ሌላ መላ አልነበራቸውም።

ክረምቱ ሲገባ ሻንቆ ጭቃ ላይ እየተኛ ብርዱ ዳሌውን ያዘው። ጠዋት ጠዋት መነሣት አቅቶት ሲያቃስት ጓንጉል አዘነለት።

"አልጋ እሠራለታለሁ" አለ አንድ ቀን።

ጥሩዓይነት የምትፈትለውን ጥጥ አስቀመጠች። "ለማን?"

"ለሻንቆ ነዋ።"

"በስመአብ! እኛ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈን እየተኛን ውሻ አልጋ ላይ ሊወጣ? ሰው ምን ይለናል?"

"ሰው ያሻውን ይበል። ማሳ ሲጠብቅ ዳሌውን የተነከሰው እሱ እንጂ ሰው አይደለም።"

እንጨት ፍለጋ ጎረቤቱ አያ አንዳርጌ ዘንድ ሄደ። የሁለቱ ማሳ ድንበርተኛ ነው። አንዳርጌ ደጅ ነፋስ የጣለው ትልቅ ዋንዛ ተጋድሞ ነበር።

"አያ አንዳርጌ፣ ከዚህ ዋንዛ ጥቂት ብትሰጠኝ አልጋውን ድንበራችን ላይ አቆመዋለሁ። ሻንቆ የኔንም ያንተንም ይጠብቃል" አለው።

አንዳርጌ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። "የኔ ዋንዛ የውሻ ቂጥ ሊሸከም? ወግድልኝ! ደግሞ ያ ቁንጫም ውሻህ እግሩን ማሳዬ ውስጥ እንዳያስገባ!" አለና በማግስቱ ድንበሩን ከዳር እስከ ዳር በእሾህ አጠረው። ውሻ ቀርቶ አይጥ አያሾልክም።

ጓንጉል ቆሽቱ እያረረ ከገደሉ ወይራ ቆርጦ በጀርባው ተሸክሞ አወጣ። አራት እግር ጠረበ፣ በመሮ በሳ፣ አግዳሚዎቹን ገጠመ። በዕድሜው ያየው የሰው አልጋ ብቻ ነውና እንደ ሰው አልጋ በበሬ ቆዳ ጠፍር ጠፈረው። ሻንቆ ወጣ፣ አሸተተ፣ ጅራቱን ቆላ፣ ጋደም አለና አልጋውን በላው!

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። "ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" እያለ የማይተርትበት ጠፋ። አንዳርጌማ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር "ጓንጉል፣ አልጋው ጨው አላነሰውም?" ይለው ነበር።

ጓንጉል ግን እልኸኛ ነው። ጠፍሩን ትቶ ቀጫጭን የወይራ እንጨት ረበረበ፤ በላዩ ገለባ ጎዘጎዘ፤ ዝናብ እንዳይመታው የሣር ክዳን ሠራ። አንካሳ ነውና መወጣጫ ሳንቃ አስደግፎለት አልጋውን ማሳው መሀል አቆመው። ጥሩዓይነት ስታጉረመርም ሰንብታ፣ አሮጌ ጋቢ አምጥታ ያነጠፈችለት ግን እሷው ናት። ሻንቆ ደረቅ ቦታ መተኛት ከጀመረ ወዲህ ዳሌው ላላለት። መስከረም ሲጠባ እያነከሰም ቢሆን እንደ ቡችላ ይሮጥ ጀመር።

በቆሎው አሸተ። የመንደሩ ታቦት የሚነግሥበት ቀን ደረሰና ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጣ። ዝንጀሮ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው ሲጠፋ ወዲያው ያውቃል። ታቦቱ ገና ሳይገባ ጓንጉል ከማሳው በኩል የዝንጀሮ ጩኸት ሰማ። "አለቀልኝ!" ብሎ ሮጠ። ሚስቱ ተከተለችው፤ አንዳርጌም ተከተለ፤ ከኋላቸው መንደሩ ሁሉ።

ሲደርሱ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ሻንቆ አልጋው ላይ ቆሞ፣ ከከፍታው ማሳውን ዙሪያውን እያየ ያገሳል! አንድ ጎፈሪያም ወንድ ዝንጀሮ ወደ በቆሎው ጠጋ ሲል ውሻው ተስፈንጥሮ ወረደና እስከ ገደሉ አፍ አባረረው። ከጓንጉል ማሳ አንዲት እሸት አልተቀጠፈችም። መንጋው በሙሉ በገደሉ በኩል ዞሮ አንዳርጌ ማሳ ውስጥ ሰፍሯል። ሻንቆ እሾኹን አልፎ ሊደርስባቸው አይችልም፤ እነሱም ይህን አውቀው ጉንጫቸውን ወጥረው፣ እሸቱን እየላጡ፣ እንደ ሠርገኛ ተዝናንተው ይበላሉ። ሰው ሲያዩ በየብብታቸው ሸጉጠው ቀስ ብለው ወረዱ።

ጓንጉል ሻንቆን አንገቱን አቀፈው። "የኔ አንበሳ! የኔ ጀግና! ቤቴን አቆምክልኝ!" እያለ ግንባሩን ሳመው። ጥሩዓይነት እልልታዋን አቀለጠችው። ያ ሁሉ ሲስቅ የከረመ ሰው ሻንቆን ለማየት ይጋፋ ጀመር።

አንዳርጌ ግን ባዶ አገዳ መሀል ራሱን ይዞ ቆመ። ጓንጉል አላስቻለውም። "አያ አንዳርጌ፣ ና እሸት ብላ፤ ለልጆችህም ውሰድ። ነገ አጥሩን እናነሣዋለን፤ ሻንቆ ለሁለታችንም ይጠብቃል።"

"ምን ቀረኝና ይጠብቅልኛል?" አለ አንዳርጌ።

የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጀንበሬ በምርኩዛቸው ተደግፈው አንዴ አልጋውን፣ አንዴ የእሾህ አጥሩን፣ አንዴ የተላጠውን ማሳ አዩና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አይ አንዳርጌ፣ ዳሱን የጣልከው አንተ፣ እንግዳው እንዳይረበሽ በእሾህ ያጠርከውም አንተ፤ እንግዲህ ልጆቼ ስሙኝ፦ ለውሻ አልጋ የነፈገ፣ ለዝንጀሮ ደገሰ።"